ጥያቄና መልስ፦ ቫዮሊንና ባንጆ በሰፈር በዓል

ጥያቄ፦ የሰፈራችን ማኅበር በጥቅምት የመከር በዓል ያዘጋጃል። ኮሚቴው «ኦልድ ታይም» የሚባለውን የምሥራቅ አሜሪካ የአፓላቺያ ተራሮች ሙዚቃ የሚጫወት ባንድ እንጥራ ብሏል። ከብሉግራስ በምን ይለያል? እኛስ ምን እናዘጋጅ? (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ ልዩነቱን ቀድማችሁ ካላወቃችሁ ገንዘብ ከፍላችሁ ትቀየማላችሁ። ብሉግራስ የመድረክ ሙዚቃ ነው። በ1940ዎቹ አጋማሽ ቢል ሞንሮና ባንጆ ተጫዋቹ ኧርል ስክራግስ መልክ ካስያዙት ወዲህ ሙዚቀኞቹ በየተራ ወደ ማይኩ ጠጋ እያሉ ሶሎ ያሳያሉ። ኦልድ ታይም ግን የጭፈራ ሙዚቃ ነው። ቫዮሊኑና ባንጆው (ክብ ገላው ላይ ቆዳ ወይም ፕላስቲክ የተወጠረበት ባለ አምስት ክር መሣሪያ) አንዱን ዜማ እኩል ይዘው ይሄዳሉ፣ ጊታርና ቤዝ ከሥር ምቱን ይጠብቃሉ፤ ተራ ደርሶት ብቻውን የሚያበራ የለም። ወንበር ደርድራችሁ ሰው ካስቀመጣችሁ ከሦስተኛው ዜማ በኋላ «ሁሉም አንድ ዓይነት ነው» መባሉ አይቀርም። የሚሉትም አይፈረድባቸውም፤ ተቀምጦ ለሚያዳምጥ አልተሠራም።

ስለዚህ ከባንዱ ጋር ስትነጋገሩ ከዋጋው በፊት «ኮለር አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ኮለር የጭፈራውን እርምጃ በማይክ እየጠራ ሰውን የሚመራው ነው። ብዙ ጊዜ የባንዱ አባል ስላልሆነ ክፍያው ለብቻ ነው። ኮለር ከሌለ ጨፍሮ የማያውቅ ሰው ዳር ቆሞ ያመሻል። ስኩዌር ዳንስ በ4 ጥንድ ይጨፈራል፤ ለእያንዳንዱ ቡድን 4 ሜትር በ4 ሜትር ያህል ቦታ አስቡ። ወለሉ ደልዳላ ይሁን፤ ረጅም ሣር እግር ይይዛል፣ ጠጠር ያንሸራትታል። ብቻውን በጫማው ምት እየመታ የሚጨፍር ካለ አንድ ሉህ ወፍራም ኮምፔንሳቶ አንጥፉለት፤ ያለ እንጨት የእግሩ ድምፅ አይሰማም።

ድንኳን ወይም ጥላ የግድ ነው፤ ጉዳዩ የሙዚቀኛው ምቾት ብቻ አይደለም። የብረት ክር ፀሐይ ሲመታው ይረዝምና ድምፁ ይወርዳል። ባንጆው የጥጃ ቆዳ የተወጠረበት ከሆነ ደግሞ እርጥበት ያላላዋል፤ ቆዳው ሲረግብ ክሮቹን የተሸከመችው ድልድይ አብራ ትወርዳለች፣ ክሮቹም ይንጫረራሉ። ፕላስቲክ የተወጠረበት ባንጆ ይህ ችግር የለበትም። ቫዮሊን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ እንዳይተው ተጠንቀቁ፤ የተጣበቀበት ሙጫ በሙቀት ይለቃል።

ለሠርጋችን የለመድነውን የሳውንድ ጉልበት እዚህ እርሱት። መጀመሪያ የኮለሩ ድምፅ ይጥራ፣ ቀጥሎ ቫዮሊኑ፣ ከዚያ ባንጆው። ጊታሩ ከቫዮሊኑ በላይ ከተሰማ ጨፋሪው ዜማው የት እንደደረሰ ይጠፋዋል። ኮለሩ ቫዮሊኑን የሚሰማበት አንድ ሞኒተር (ወደ እሱ የዞረ ስፒከር) አጠገቡ ይኑር፤ ካልሰማው ጥሪው ከምቱ ይዘገያል። ሙዚቀኞቹ በግማሽ ክብ ተጠጋግተው ይቀመጣሉ። መድረኩ ሰፊ ነው ብላችሁ አትበትኗቸው፤ ፍጥነቱን የሚጠብቁት አንዱ የሌላውን እጅ እያየ ነው።

ጥያቄ፦ ያየሁት ባንድ አንዱን ዜማ ደጋግሞ ወደ 10 ደቂቃ ተጫወተው። በዜማዎቹ መካከል ደግሞ ቅኝት ላይ ብዙ ቆየ። ልምምድ አንሶት ነው? (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ መደጋገሙ ሥራው ነው። አንድ ዜማ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ ሁለት ጊዜ ይባልና ድምሩ 64 ምት ይሆናል። በደቂቃ 115 ምት ቢሄድ አንዱ ዙር 33 ሴኮንድ ያህል ይወስዳል፤ 8 ደቂቃ የሚጨፈር ከሆነ ዜማው 14 ወይም 15 ጊዜ ይዞራል። አራቱም ጥንዶች ተራቸው ደርሶ እስኪመሩ ባንዱ ማቆም አይችልም። ሊያልቅ ሲል ኮለሩ ለባንዱ ምልክት ይሰጣል፣ ቫዮሊን ተጫዋቹም አንድ እግሩን ብድግ ያደርጋል፤ በዚያ ዙር መጨረሻ ሁሉም እኩል ያቆማሉ።

ምት የሚጨምሩ ወይም የሚያጎድሉ ዜማዎችም አሉ። ለጆሮ ደስ ይላሉ፤ ጥንዶች በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ቆመው ለሚጨፍሩት፣ እርምጃው በ64 ምት ለተሰፋው ኮንትራ ዳንስ ግን አይሆኑም፤ ሁለተኛው ዙር ላይ ጨፋሪው ሁሉ ይሳሳታል።

ቅኝቱ ላይ መቆየቱን ግን አንከላከልለትም፤ የዜማዎቹ ቅደም ተከተል ካልታሰበበት የሚመጣ ነው። ቫዮሊኑ በተለመደው ቅኝት ከወፍራሙ ክር ጀምሮ ጂ፣ ዲ፣ ኤ፣ ኢ ነው። በዲ ለሚሄድ (ማረፊያ ድምፁ ዲ ለሆነ) ዜማ ወፍራሙ ክር ወደ ኤ ከፍ ይላል፤ በኤ ለሚሄድ ደግሞ ሁለተኛው ጭምር ወደ ኢ ይወጣል። ያልተነኩት ክሮች አብረው ስለሚያስተጋቡ ቫዮሊኑ ያለ ማይክ ይጎላል፤ የድካሙ ምክንያት ይኼ ነው። ባንጆው በበኩሉ ለሲና ለዲ አንድ ቅኝት፣ ለጂና ለኤ ሌላ ቅኝት ይጠቀማል፤ ከሲ ወደ ዲ ወይም ከጂ ወደ ኤ ሲሄድ ካፖ (ክሮቹን አንገቱ ላይ የሚጫን መቆንጠጫ) ሁለተኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው የብረት መስመር) ላይ ማሰርና አጭሩን አምስተኛ ክር በአንድ ቶን ማሳደግ ይበቃዋል።

እንግዲህ ሲ፣ ዲ፣ ኤ፣ ጂ ብሎ መደርደር ነው። ቫዮሊኑ በየደረጃው አንድ አንድ ክር ብቻ ያነሣል፣ ባንጆው ሁለት ክር የሚቀይረው ከዲ ወደ ኤ ሲሻገር አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ጂ ከዕረፍቱ በኋላ ይምጣና ቫዮሊኑ ሁለቱን ክሮች በዕረፍቱ ይመልስ። ክር በተወጠረ ቁጥር የቫዮሊኑ ድልድይ አናቱን ወደ ጣት መርገጫው ያዘነብላል። በሁለት እጅ ይዞ ቀጥ ማድረግ ነው፤ ችላ ከተባለ ይጎብጣል፣ ወይም ዜማው መሐል ጠብ ብሎ ይወድቃል።

ጥያቄ፦ ባንጆ ከአፍሪካ የመጣ ነው ይባላል። እውነት ነው? (ከአትላንታ)

መልስ፦ አዎ። በካሪቢያንና በሰሜን አሜሪካ በባርነት የነበሩ አፍሪካውያን ከቅልና ከቆዳ የሠሩት መሣሪያ ነው። ሴኔጋልና ጋምቢያ ውስጥ ጆላዎች የሚመቱት አኮንቲንግ የቅርብ ዘመዱ ነው፤ አመታቱም ይመሳሰላል፣ ጥፍር ወደ ታች ይመታል፣ አውራ ጣት አጭሩን ክር ይስባል። ቫዮሊንና ባንጆ አጣምሮ ጭፈራ ማጫወትን ጥቁር ሙዚቀኞች ለረጅም ዘመን ይዘውት ኖረዋል። በ1920ዎቹ ሸክላ አሳታሚዎች ለጥቁርና ለነጭ ገዢ የተለያየ ካታሎግ ሲያወጡ ይህ ሙዚቃ ነጭ መዝገብ ውስጥ ገባ፣ የነጮች ብቻ መሰለም። በሰሜን ካሮላይና ቫዮሊን ተጫዋቹ ጆ ቶምፕሰን (1918–2012) የቤተሰቡን ዜማ ይዞ ቆየ፤ በ2005 የተመሠረተው ካሮላይና ቾኮሌት ድሮፕስ ከእሱ ተምሮ ነው ለግራሚ የበቃው።

ጥያቄ፦ ክራር እመታለሁ። ከእነዚህ ሰዎች ጋር አብሮ መጫወት ይቻላል? (ከፌርፋክስ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ ይቻላል፤ ከሚገምቱትም በላይ ይቀልዎታል። ብዙዎቹ ዜማዎች በአምስት ድምፅ ይሄዳሉ፤ ሜጀር የምንለው ትዝታ እዚያው ውስጥ ነው። ክራሩን ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኤ፣ ቢ አድርገው ይቃኙ፣ ስድስተኛው አውታር ዲን ይድገም። ቡድኑ ወደ ኤ ሲሻገር ሁለቱን ዲ በግማሽ ቶን ዝቅ ያድርጉ፤ ሌላ የሚነካ የለም። ከዲ ቅኝት ወደ ጂ ከሆነ ደግሞ ኤፍ ሻርፑን ብቻ በግማሽ ቶን ከፍ ያድርጉ። አንቺሆዬን ቤት ይተዉት፤ ከጊታሩ ኮርድ ጋር ይጣላል። ሰባተኛው ድምፅ ዝቅ ያለባቸው ዜማዎችም አሉ፤ እዚያ ላይ ያንን ድምፅ መዝለል እንጂ መፈለግ አያስፈልግም።

ጃም (ሙዚቀኞች ያለ መድረክ ክብ ሠርተው አብረው የሚጫወቱበት) ላይ መጀመሪያ ከክቡ ውጭ ይቀመጡ። ሁለት ዙር ያዳምጡ፣ ሦስተኛው ላይ በለሆሳስ ይግቡ፣ ቫዮሊኑ ካልተሰማዎ ድምፅዎ በዝቷል ማለት ነው። መግረፉ ከባንጆው ጋር ስለሚጋጭ ጠንካራው ምት ላይ ብቻ ነጠላ አውታር ቢነኩ ይሻላል። በቅርብዎ ሜሪላንድ ውስጥ የግሌን ኤኮ ፓርክ ጭፈራ አለ፤ ራቅ ካሉ በቨርጂኒያ ፍሎይድ ከተማ ዓርብ ማታ በአሮጌው ሱቅ ይጨፈራል፣ በበጋ ሙዚቀኞች ደጁ ላይ በቡድን በቡድን ተቀምጠው ይጫወታሉ። ከ1935 ጀምሮ በቨርጂኒያ ጋላክስ ከተማ የሚካሄደው የቫዮሊን ተጫዋቾች ጉባኤ ደግሞ በነሐሴ ነው፤ እዚያ ከመድረኩ ይልቅ በድንኳኖቹ መካከል ይዙሩ።