ሸረሪት ሳነሳ ብዥ ይልብኛል፣ ማክሮ ሌንስ (ትንንሹን አጉልቶ የሚያነሳውን) ልግዛ ወይ ላልከው

አብሽር ወንድሜ፣ ኮምቦልቻ ሆነህ ባለ 18-55 ሚሊ ሜትር ዙም ሌንስ ብቻ ይዘህ ነፍሳት ሳነሳ ሁሉም ብዥ ይልብኛል ላልከው፣ እኔ ደሴ ነኝ፣ በዚች ነፍሳት ማንሳት ከተለከፍኩ አራት ዓመቴ ነው፣ ብርህን ለጊዜው ያዝ ነው የምልህ።

መጀመሪያ ስንት ሰዓት ነው የምትወጣው? ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ከሆነ በቃ እነሱ ሞቀው ነቅተው ይጠብቁሃል፣ ነፍሳት ፀሐይ ካላሞቀቻቸው ሰውነታቸው አይታዘዛቸውም። እኛ ጋ 2500 ሜትር ገደማ ስለሆነ ብርዱን ታውቀዋለህ፣ ጦሳ ተራራ ግርጌ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ብትመጣ ፌንጣው ጤዛውን ተሸክሞ ሳር ላይ ደርቆ ነው የምታገኘው፣ አፍንጫው ስር ብትደርስ ንቅንቅ የለም። እናንተ ጋ ሞቅ ስለሚል ጎህ ሳይቀድ ቦርከና ወንዝ ዳር መድረስ አለብህ ወላሂ። ፍሪጅ ውስጥ ከተው አደንዝዘው የሚያነሱ አሉ፣ እኔ አልወድም፣ ፎቶው ላይም ያስታውቃል።

ሌንሱን ደግሞ ገልብጠህ፣ ፊቱን ወደ ካሜራው አዙረህ እሰረው፣ መገልበጫ ቀለበት አለ ርካሽ ነው። 55 ላይ ስታደርገው ትንሽ ያጎላል፣ ወደ 18 ስትመልሰው ግን በጣም ነው የሚያጎላው፣ ለጀማሪ ከ55 ጀምር። ከነፍሳቱ ሦስት ጣት ያህል ነው የምትርቀው፣ አውቶፎከስ የሚባል ነገር የለም፣ ራስህ ወደፊት ወደኋላ እያልክ ዓይኑ ጥርት ሲል መተኮስ ነው። ጥርት የሚለው ደግሞ በ8 አፐርቸር (ብርሃን የሚያስገባው የሌንሱ ቀዳዳ) እንኳ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም፣ ስለዚህ ከ30 አንዱ ከወጣልህ ጎበዝ ነህ። ቀዳዳውን አጥብቤ 22 ላድርገው እንዳትል፣ ሁሉም ይደበዝዛል። ካሜራህ ካኖን ከሆነ ሌንሱን ከመገልበጥህ በፊት አፐርቸሩን 8 አድርገህ የጥራት ጥልቀት ማሳያ (depth of field preview) በተኗን እንደተጫንክ ሌንሱን ፍታው፣ እዛው ላይ ይቆይልሃል።

ትልቁ ነገር ግን መብራት ነው። የካሜራው የራሱ ፍላሽ የሌንሱን ጥላ ነው የሚጥልብህ፣ እኔ ስድስት ወር በዚህ ተቃጥያለሁ። ያገለገለ የውጭ ፍላሽ ፈልግና ቲቪ ካርቶን ውስጥ የሚመጣውን ነጭ ስስ ፎም ከፊቱ ሸፍንበት፣ ያኔ የዘላይ ሸረሪት ዓይን ላይ ያ አስቀያሚ ነጭ ነጥብ ይጠፋና ለስለስ ይላል። ሸተር (የመተኮሻው ፍጥነት) የሰከንድ 200ኛ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 200፣ የእጅህን መንቀጥቀጥ ፍላሹ ራሱ ይቀጨዋል፣ ትራይፖድ አያስፈልግም።

መስከረም ላይ አደይ አበባዋን አንድ በአንድ እያት፣ ድር የማትሠራ አበባ ላይ አድፍጣ ንብ የምትይዝ ሸረሪት አለች፣ አትሮጥብህም። አንዴ እሷን ለማንሳት አጥር ስር በደረቴ ተኝቼ አንዲት እናት "ልጄ ምን ጠፍቶብህ ነው" ብለው አብረውኝ ጎንበስ ብለው መፈለግ ጀመሩ፣ ሸረሪት ነው ስላቸው ሦስቴ አማተቡ 😂

ለቀለበቱ የሌንስህ ፊት ላይ ያለውን የስፋት ቁጥር እይና ጻፍልኝ፣ 58 ነው ወይስ 52?