ክዳኑን ዘጋሁት፣ እሱ ግን አልተኛም

ጥያቄ፦ ማታ ላፕቶፔን ባትሪው 80 ከመቶ እያለ ዘግቼ ቦርሳ ውስጥ እከተዋለሁ። ጠዋት ሳወጣው እንደ ምጣድ ግሎ፣ ባትሪው አልቆ ይጠብቀኛል። ደግሞ ስገዛው ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5-8250ዩ፣ 1.6 ጊጋኸርዝ ነው ተብዬ፣ ታስክ ማናጀር አንዴ 0.8፣ አንዴ 3.3 ያሳየኛል። ተሸውጄ ይሆን?
(የሒሳብ ሠራተኛ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ አልተሸወዱም። አምራቹ ኢንቴል ራሱ ለዚህ ፕሮሰሰር መደበኛ ፍጥነቱን 1.6፣ ጣሪያውን 3.4 ብሎ ነው ያወጣው። ዊንዶውስና ፕሮሰሰሩ እየተናበቡ በየቅጽበቱ ይቀያይሩታል፦ ኤክሴል ላይ ከባድ ድምር ሲያዙ ይሮጣል፣ ቡና ሊያፈሉ ሲነሱ ከ1.6ም በታች ወርዶ ይለግማል። ትርፉ ደግሞ ፍጥነቱ ሲቀንስ ቮልቴጅም አብሮ መውረዱ ነው። ፍጆታ በቮልቴጅ ካሬ ስለሚሄድ፣ ቮልቴጁ ከ1 ወደ 0.7 ቢወርድ ብቻ ግማሽ ያህሉ ይቀራል።

ቦርሳው ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ክዳኑ ሲዘጋ ማሽኑ አብዛኛውን ጊዜ ስሊፕ (እንቅልፍ) ይገባል። በድሮው ስሊፕ፣ ኤስ3 በሚባለው፣ ፕሮሰሰሩ ይጠፋል፤ ራም (ጊዜያዊ ማስታወሻው) ብቻ በጥቂት ኃይል ሥራዎን ይዞ ያድራል። ማይክሮሶፍት ሞደርን ስታንድባይ የሚለው አዲሱ ከስልክ የተቀዳ ነው፤ እስክሪኑ ይጨልማል እንጂ ማሽኑ በከፊል ነቅቶ ኢሜይል ሲቃርም ያድራል። አንድ ድራይቨር (ዊንዶውስን ከማሽኑ ክፍሎች ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) አላስተኛ ካለው ደግሞ ቦርሳዎ ምድጃ ይሆናል።

እኔም ቀምሼዋለሁ። ከሳሪስ ወደ ሜክሲኮ ታክሲ ውስጥ ቦርሳዬ ጭኔ ላይ ሆኖ ሱሪዬን አልፎ ፈጀኝ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ሙቀቱ ተሰምቷቸው «ልጄ፣ ምሳህን ይዘህ ነው?» አሉኝ። ከፍቼ ሳየው ፋኑ ያጓራል።

የእርስዎን ለማወቅ ሲኤምዲ (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ከፍተው ፓወርሲኤፍጂ፣ ክፍተት፣ ስላሽ ኤ ይጻፉ (በላቲን ፊደል ነው፣ powercfg /a ተብሎ፤ አማርኛ አይገባውም)። ካሉት የስሊፕ ዓይነቶች መካከል ኤስ0 የሚል ካገኙ አዲሱ ነው። ከዚያ ከኮንትሮል ፓነል ፓወር ኦፕሽንስ ገብተው፣ ክዳን ሲዘጋ የሚሆነውን ሃይበርኔት ያድርጉት። ይህ ራም ላይ ያለውን ዲስክ ላይ ጽፎ ማሽኑን ያጠፋዋል፤ ባትሪ ቢያልቅም ሒሳብዎ አይጠፋም። ሃይበርኔት ከሌለ ሲኤምዲን በአድሚኒስትሬተር ከፍተው፣ በስላሽ ኤ ፈንታ ስላሽ ኤች፣ ክፍተት፣ ኦን ይበሉ።

ሲነሳ ትንሽ ያዘገያል። ለምሳ ሰዓት እኔ አሁንም ስሊፕ ነው የማደርገው፤ ጠረጴዛ ላይ ስለሆነ ቢግልም አየር ያገኛል።