ዋጋው ተወስኖ ካለቀ ምኑን እደራደራለሁ?

ጥያቄ፦ «በአንድ የግል ድርጅት የግዥ ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ። አሁን አሜሪካ ነው ያለሁት፤ በአንድ ካውንቲ ለግዥ ባለሙያነት አመልክቼ ለቃለ መጠይቅ ተጠርቻለሁ። ማስታወቂያው ‹በመንግሥት የጋራ ግዥ ውሎች ሥር ዋጋና የውል ሁኔታዎችን የመደራደር ችሎታ› ይላል። እኔ እንደገባኝ ግን እነዚህ ውሎች ጨረታቸው አልቆ ዋጋቸው የተቆረጠ ነው። ታዲያ ምን ይደራደሩበታል? ቢጠይቁኝ ምን ልበል?»

እህቴ፣ እዚህ ላይ ግራ የሚጋባው ብዙ ሰው ነው፤ ቢሮ ውስጥ የተቀመጠውም ጭምር። ጨረታው ቢያልቅም ድርድሩ አላለቀም። በጋራ ውል፣ ማለትም አንድ የመንግሥት አካል ባወጣው ጨረታ ሌሎችም በሚገዙበት ውል ላይ የሰፈረው ዋጋ አብዛኛውን ጊዜ ጣሪያ ነው። አቅራቢው ከዚያ በላይ ሊጠይቅሽ አይችልም። ከዚያ በታች እንዳይሸጥልሽ ግን የሚከለክለው የለም። ቃለ መጠይቁ ላይ ይህን በምሳሌ ካስረዳሽ ጥሩ መነሻ ይኖርሻል።

አሠራሩን ባጭሩ ልንገርሽ። ናስፖ ቫልዩፖይንት በሚባለው የግዛቶች የጋራ ግዥ ድርጅት አንድ መሪ ግዛት ጨረታውን ያወጣና ከአሸናፊዎቹ ጋር ዋናውን ውል ይፈራረማል። ሌሎች ግዛቶች የተሳትፎ ተጨማሪ ውል ፈርመው ይገቡበታል። ሶርስዌል (መቀመጫው ሚኒሶታ ነው) እና ኦምኒያ ፓርትነርስ የሚባሉት ድርጅቶችም ተመሳሳይ ሥራ ይሠራሉ። የፌዴራል መንግሥቱን የግዥ ውሎች የሚያዘጋጀው መሥሪያ ቤት ጂ.ኤስ.ኤ. ደግሞ የአይቲ ውሎቹን ለግዛትና ለአካባቢ መንግሥታት ከፍቷል።

አሁን ወደ ዋጋው። ብዙዎቹ ውሎች ቁርጥ ዋጋ ሳይሆን «ከአምራቹ የዋጋ ዝርዝር ላይ ይህን ያህል በመቶ ቅናሽ» ነው የሚሉት። ውሉ 20 በመቶ ቅናሽ ይላል እንበል። ዕቃው በዝርዝሩ 1,000 ዶላር ከሆነ 800 ትከፍያለሽ። አምራቹ ዝርዝሩን ወደ 1,150 ካሳደገው 920 ትከፍያለሽ። ቅናሹ አልተነካም፣ ውሉም አልተጣሰም፤ ካውንቲው ግን በአንድ ዕቃ 120 ዶላር ጨመረ። ስለዚህ የመጀመሪያ ጥያቄሽ «ቅናሹ ስንት ነው?» አይሁን። «የየትኛው ቀን ዝርዝር ነው? ውሉ ዝርዝሩ እንዲጨምር የሚፈቅደው መቼና እንዴት ነው?» ብለሽ ጀምሪ።

ለመደራደር ጉልበት ከየት ታመጫለሽ? አንደኛ ከብዛት። የካውንቲው ሦስት ክፍሎች ለየብቻ የሚያዙትን በአንድ ትእዛዝ ካሰባሰብሽው አቅራቢው በሌላ ዓይን ያይሻል። ሁለተኛ፣ በአንድ ዓይነት ዕቃ ላይ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ አሸናፊ ስላለ ከሁለት ከሦስቱ ዋጋ ጠይቂ። ሦስተኛውን ከግል ድርጅት የመጣ ሰው ብዙም አያስበውም። ጎረቤት ካውንቲ ስንት እንደከፈለ በአብዛኛው የሕዝብ መረጃ ነው። በምክር ቤት ስብሰባ ሰነድ ላይ ታገኚዋለሽ፣ ካልሆነም በደብዳቤ ትጠይቂያለሽ። «እነ እንትና በዚሁ ውል በዚህ ዋጋ ገዝተዋል፣ እኛስ?» የሚለው ጥያቄ ከማንኛውም የድርድር ብልጠት ይሻላል። በመጨረሻም የጋራ ውሉን መጠቀም አብዛኛውን ጊዜ ግዴታ አይደለም። የራስሽን ጨረታ የማውጣት መብት እጅሽ ላይ ነው፤ አቅራቢውም ያውቀዋል።

እኔን ከጠየቅሽኝ ግን ትልቁ ገንዘብ ያለው ከዋጋው ይልቅ ሁኔታዎቹ ውስጥ ነው። ማጓጓዣው በማን ሒሳብ ነው? ተከላና ሥልጠናስ? የዋስትናው ጊዜ የሚቆጠረው ዕቃው ከተላከበት ቀን ነው ወይስ ሥራ ከጀመረበት? ሶፍትዌር ከሆነ ደግሞ ዓይንሽን ግለጪ። በመጀመሪያው ዓመት ጥሩ ቅናሽ ይሰጡሽና እድሳት ላይ ያካክሱታል። የእድሳት ጭማሪ ከዚህ በመቶ አይበልጥም የሚል ገደብ ከመፈረምሽ በፊት አስገቢ፤ ከፈረምሽ በኋላ የሚሰማሽ የለም። ውሉ ሲያበቃ መረጃው በምን መልክ እንደሚመለስም አጽፊ።

አቅራቢዎች ከዋጋ ማቅረቢያው ሥር በደቃቅ ጽሑፍ የራሳቸውን ደንብ ያያይዛሉ። በዝምታ ካለፍሽው በዋናው ውል የተገኘውን ጥቅም ሊሽርብሽ ይችላል። በናስፖ ውሎች ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፤ ሰነዶቹ ከተጋጩ ቀድሞ የሚሠራው የተሳትፎ ተጨማሪ ውሉ ነው፣ ቀጥሎ ዋናው ውል። አንቺም የግዥ ትእዛዙ ላይ የውሉን ቁጥር ጻፊና ግዥው የሚመራው በዚሁ ውል ብቻ መሆኑን ግለጪ። ሁለት ነገሮችን ደግሞ ከካውንቲው ጠበቃ ጋር ተያዪ። አንደኛው በጀት ካልተመደበ ውሉ ያለ ቅጣት ይቋረጣል የሚለው አንቀጽ ነው። ሁለተኛው ካውንቲው የአቅራቢውን ኪሳራ እሸፍናለሁ ብሎ እንዳይፈርም ነው፤ ብዙ ግዛቶች ይህን በሕግ ይገድባሉ።

የማትነኪውም አለ። በጨረታው ያልነበረ ዕቃ ወይም አገልግሎት በድርድር ልታስገቢ አትችዪም፤ ያ አዲስ ግዥ ነው። ውሉን የሚያስተዳድረው አካል የሚወስደው የአስተዳደር ክፍያም እንዲሁ፤ በናስፖ 0.25 በመቶ፣ በጂ.ኤስ.ኤ. 0.75 በመቶ ሲሆን አቅራቢው ከሽያጩ ላይ የሚከፍለው ነው። ገንዘቡ የፌዴራል እርዳታ ከሆነ ደግሞ መሪው አካል ያወጣው ጨረታ የፌዴራልን የግዥ ደንብ የጠበቀ መሆኑን ሳታጣሪ እንዳትገዢ።

ለቃለ መጠይቁ፣ ያልሠራሽውን ሠርቻለሁ አትበዪ። በጋራ ውል ገዝቼ አላውቅም በይ፤ ከዚያ ወዲያው ከነበርሽበት ድርጅት አንድ ድርድር አንሺ። ምን ጠየቅሽ፣ ምን አገኘሽ፣ ለምን ተሳካ። ቀጥለሽ «በጋራ ውል ቢሆን ኖሮ ይህን እጨምር ነበር» ብለሽ የዝርዝሩን ቀንና የእድሳቱን ገደብ አምጪ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በግል ድርጅት ጥሩ ወዳጅነት የሚባለው፣ የአቅራቢ ምሳ ግብዣም ሆነ ስጦታ፣ እዚህ ከሥራ ሊያስባርርሽ ይችላል። በምሳሌሽ ውስጥ እንዳታስገቢው።

ሲ.ፒ.ፒ.ቢ. የሚባለው የሙያ ማረጋገጫ አሁን አያስጨንቅሽ፤ ለመፈተን በመንግሥት ግዥ ላይ የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ከተቀጠርሽ በኋላ ይደርሳል። ይልቅ ከቀጠሮሽ በፊት የካውንቲውን የቅርብ ጊዜ የምክር ቤት ሰነዶች አገላብጪ። በጋራ ውል የተገዛ አንድ ነገር ታገኚያለሽ። «ጥያቄ አለሽ?» ሲሉሽ ስለዚያ ግዥ ጠይቂያቸው፤ የእድሳቱ ዋጋ እንዴት እንደተያዘ።