ዳዊቱን ሳልገልጥ ይመሻል

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ያደግሁት አራት ኪሎ ነው። ከቤታችን ወጥቶ ቅድስት ሥላሴን ለመሳለም ጥቂት ደቂቃ ይበቃ ነበር። እሑድ ቅዳሴ፣ ከሰዓት ሰንበት ትምህርት ቤት፣ በፍልሰታ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ቁርባን አልቀረብኝም። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶልን ኮዬ ፈጬ ከገባን ወዲህ ግን ሌላ ሰው የሆንሁ ይመስለኛል። ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥቼ የልጆቹን ምሳ ዕቃ አዘጋጃለሁ፤ ተሰልፌ ታክሲ ይዤ ሜክሲኮ ሥራ እገባለሁ፤ ስመለስ ጨልሟል። ውኃ በፈረቃ ስለሆነ የመጣ ቀን ጄሪካን ተሸክመን 4ኛ ፎቅ እንወጣለን። መብራት ካለ ደግሞ እንጀራ መጋገር አለ። ባለቤቴ የጅቡቲ መስመር የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ብዙውን ቀን ቤት የለም። ዳዊቴን ስገልጥ ዓይኔ ይከደናል።

የሚከነክነኝ ደግሞ የልጆቹ ነገር ነው። የ9 ዓመት ሴት ልጅና የ6 ዓመት ወንድ ልጅ አሉኝ። ባለፈው ዓርብ ልጄ «ጎረቤት ያሉት እንቁላል ሲበሉ እኛ ለምን ሽሮ ብቻ?» አለችኝ። ደክሞኝ ስለነበር «ዝም ብለሽ ብዪ፣ እግዜር ይቆጣል» ብዬ አለፍኋት። አማቴ አብረውን ይኖራሉ፤ ፊደል አልቆጠሩም፤ ማታ ማታ ልጆቹን አማትበው የሚያስተኙልኝ እርሳቸው ናቸው። አንዷ ጎረቤቴ ልጆቿን ጥቅስ በቃል ታስጠናለች። እኔ ለልጆቼ ምን እያወረስሁ ነው? እንዲህ ባለ ኑሮ ውስጥስ እግዚአብሔርን ማግኘት ይቻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ይቻላል። ይህን የምልሽ ላጽናናሽ ብዬ ብቻ አይደለም። የጻፍሽልኝን ቀን መጽሐፍ ቅዱስ ከዳር እስከ ዳር ያውቀዋል።

ሙሴ ለእስራኤል ሕጉን ሲያስረክብ ስለ ልጆች ያለውን አንብቢ። «ለልጆችህም አስተምረው፤ በቤትህም ስትቀመጥ፣ በመንገድም ስትሄድ፣ ስትተኛም፣ ስትነሣም ተናገረው» ይላል፤ ዘዳግም 6፥7 ላይ ነው። ማስተማሪያ ብሎ የቆጠረው መቀመጥን፣ መሄድን፣ መተኛትንና መነሣትን ነው። አንቺ ጋ የጎደለ አንድም የለም። የጎደለው «ተናገረው» ያለው ነው፤ እሱም ረጅም ስብከት አይጠይቅም፤ በሰዓቷ የተነገረች አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃለች።

ከልጅሽ ጥያቄ ልጀምር፣ ምክንያቱም ትልቁ ስጦታ እሱ ነው። በዘጸአት 12፥26 እግዚአብሔር የፋሲካውን በግ ሲያዝዝ «ልጆቻችሁም፦ ይህ አምልኮ ለእናንተ ምንድር ነው? በሚሉአችሁ ጊዜ» ብሎ መልሱን አብሮ ይሰጣል። ልጅ ማዕድ ላይ ተቀምጦ «ይህን ለምን እንበላለን?» እንደሚል አስቀድሞ ያውቃል ማለት ነው። አልተቆጣም፤ እንዲያውም ጥያቄውን በሥርዓቱ ውስጥ አስገባው። የአንቺ ልጅ ያለችው ይህንኑ ነው፤ በግ ባይኖርም ሽሮ አለ። እንግዲህ በሚቀጥለው ዓርብ ራስሽ አንሽው፦ «ባለፈው ጠይቀሽኝ ነበር። ዓርብ ጌታችን ስለ እኛ የተሰቀለበት ቀን ነው፤ ረቡዕ ደግሞ ሊገድሉት የተማከሩበት። ስለዚህ በነዚህ ቀናት የምንወደውን ምግብ ትተን እናስበዋለን።» ይህን ያህል ይበቃታል። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ እንቁላል ሲቀርብላት ደግሞ «አሁንስ?» ማለቷ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ትንሣኤን ትነግሪያታለሽ። ልጅ በሆዱ የተማረውን አይረሳም።

ስለ ጎረቤቶቿም ስትጠይቅ ጥንቃቄ ይኑርሽ። ጎረቤቶቻችሁ ሙስሊም ወይም ፕሮቴስታንት ሊሆኑ ይችላሉ፤ የኛው ሰዎች ሆነው የታመመ ያለባቸውም ሊሆኑ ይችላሉ። ጾም በሰው ሳህን ላይ ዓይን መጣል ከሆነ ልጅቷ ቂም ይዛ ታድጋለች። ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ 14፥3 «የማይበላውም በሚበላው አይፍረድ» ያለው እንዲህ ላለ ጊዜ ነው። ከጾሙ የተረፈችው የእንቁላል ገንዘብ ለተቸገረ ሰው ስትሄድ በዓይኗ ብታይ ደግሞ እንጀራህን ለተራበ ቁረስ የሚለውን ኢሳይያስ 58ን ሳታነበው አወቀችው ማለት ነው።

«እግዜር ይቆጣል» ያልሻትን ነገር ግን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ከማለዳ ጀምሮ ቆመሽ የዋልሽ ነሽና አልፈርድብሽም። ነገር ግን እንዳይደገም እለምንሻለሁ። ብዙ ዘመን የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችን አስተምሬያለሁ፤ «እግዜር ያይሃል፣ እግዜር ይቀጣሃል» እየተባለ ያደገ ልጅ ሲያጠፋ ወደ እግዚአብሔር ሳይሆን ከእግዚአብሔር ይሸሻል። ጌታ ደቀ መዛሙርቱን የተቆጣቸው ሕፃናትን ስለከለከሉ ነው፤ ማርቆስ 10፥14 ላይ «ተዉ አትከልክሉአቸው» ይላል። ሽሮውን ለማስጨረስ ሌላ መንገድ አይጠፋም፤ ቃሪያ ቁረጪላት።

ወደ ምጣዱ እንምጣ። ጌታችን መንግሥተ ሰማያትን ሲገልጽ የተናገረው ስለ ነገሥታት ብቻ አይደለም። ማቴዎስ 13፥33 ላይ በሦስት መስፈሪያ ዱቄት ውስጥ እርሾ የሸሸገች ሴት አለች፤ ሉቃስ 15 ላይ የጠፋባትን ድሪም የተባለ ገንዘብ ለማግኘት መብራት አብርታ ቤቷን የጠረገች ሴት አለች። እነዚህን ያለው ናዝሬት ከእናቱ ጋር በአንድ ቤት ያደገ ነው። ከትንሣኤው በኋላ እንኳ ማለዳ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ለደከሙት ዓሣ አጥማጆች ፍም አንድዶ፣ ዓሣና እንጀራ አዘጋጅቶ «ኑ፥ ምሳ ብሉ» ነው ያላቸው፤ ዮሐንስ 21። ሞትን ያሸነፈ ጌታ ቁርስ ሲሠራ! አንቺ በሌሊት ምሳ ዕቃ ስትቋጥሪ የምትሠሪው እርሱ ያልናቀውን ሥራ ነው። ይህን አንድ ጊዜ ከልብሽ ካመንሽው ኩሽናሽ ሌላ ቦታ ይሆንልሻል።

እናቴ ሳታማትብ ሊጥ አትነካም ነበር። «በስመ አብ» ትልና በእጇ ሊጡ ላይ መስቀል ትሠራለች፤ ማንንም ተመልከቱ አላለችም፤ ሁላችንም ግን እናይ ነበር። ዛሬ የካ አባዶ ባለው ቤቴ የልጅ ልጆቼ ዱቄት ሳወጣ ቀድመውኝ ያማትባሉ። አንቺም መብራት መጥቶ አብሲቱን ስትጥጂ ትንሹን ልጅሽን ከምጣዱ ራቅ አድርገሽ አስቀምጪውና ድምፅሽን አውጥተሽ አማትቢ።

አንድ ነገር አስተውዪ። የቤት ልጆች ምሬታችንን በሙሉ ድምፅ፣ ምስጋናችንን ግን በሹክሹክታ ነው የሚሰሙት። ጤፍ ስንት ገባ፣ ታክሲው ስንት ጨመረ፣ ውኃው ለምን ቀረ፣ ይህን ሁሉ ያውቃሉ። ባለቤትሽ ከመንገድ በሰላም ሲገባ፣ ደመወዝ ሲደርስ፣ ውኃው ሲፈስ «ተመስገን» የምንለው ግን በልባችን ነው። ወር ሊያልቅ ሲል ዱቄቱ ከታች ሲታይ ጭንቀትሽን ያዩታል፤ አትደብቂያቸው። በድርቅ ዘመን ከቀረቻት ጥቂት ዱቄት ለነቢዩ ኤልያስ የጋገረችውን የሰራፕታዋን መበለት ታሪክ ያን ዕለት ማታ ንገሪያቸው፤ 1ኛ ነገሥት 17 ላይ ነው። ማድጋዋ ሞልቶ አልፈሰሰም፤ ዝናብ እስኪመጣ ድረስ ዱቄቱ አላለቀም ነው የሚለው። ከዚያ ተያይዛችሁ «የዕለት እንጀራችንን ስጠን ዛሬ» በሉ። ያቺን ቃል በሽምደዳ የሚያውቋት ልጆች ያን ማታ የእውነት ይጸልዩዋታል።

የውኃውንም ቀን አታባክኚው። በደረጃችሁ ላይ ጄሪካን መሸከም ያቃታቸው አዛውንት ካሉ ወንድ ልጅሽ ትንሿን ጄሪካን ይዞ ያንኳኳ። ሲመለስ አታሞግሺው፣ አትስበኪበትም። እሑድ ዕለት ማቴዎስ 10፥42ን፣ ስለ ቀዝቃዛ ውኃ ጽዋ የሚለውን፣ አንብቡለት። ራሱ ያገናኘዋል።

አሁን በደብዳቤሽ ውስጥ በአንድ መስመር ወዳለፍሻቸው ሰው ልምጣ። አማትሽ! ቅዱስ ጳውሎስ ስለ ጢሞቴዎስ እምነት ሲጽፍ የአስተማሪ ስም አልጠራም፤ «ቀድሞ በአያትህ በሎይድ በእናትህም በኤውንቄ» የነበረ እምነት ነው ያለው፤ 2ኛ ጢሞቴዎስ 1፥5። አያት ቀድማ ናት። ቤትሽ ውስጥ ሎይድን አስቀምጠሽ «ምን አወርሳለሁ?» ትያለሽ። እኔ ብሆን ይህን አደርግ ነበር፦ ሴት ልጅሽ ማታ ማታ ለአያቷ ከወንጌል ጥቂት ቁጥር ታንብብ። እርሳቸው ፊደል ስላልቆጠሩ ያዳምጣሉ፣ እየሰሙም «ይህንማ አባቶች ሲነግሩን...» ብለው የሚያውቁትን ይጨምሩላታል። ልጅቷ ማንበብ ትለማመዳለች፣ አያቷ ይጽናናሉ፣ አንቺም ሳህን እያጠብሽ ትሰሚያለሽ። የጎረቤትሽ የቃል ጥናት መልካም ነው፤ የአንቺ ቤት ግን የራሱ ጸጋ አለው።

አባታቸውንም አታስቀሩት። ኔትወርክ ያለበት ቦታ ሲደርስ ሲደውል ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጊና «አባታችን ሆይ» አብራችሁ በሉ። በዚያ መንገድ ላይ የሚነዳ ሰው ልጆቹ እንደጸለዩለት ሲያውቅ የሚያገኘውን ብርታት የሾፌር ሚስቶች ይነግሩሻል።

ስለ ዳዊቱ፦ ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ፤ ያለሽበትን ኑሮ ሳትደብቂ ንገሪያቸው፣ አቅምሽን ያገናዘበ ጸሎት ይሰጡሻል። እስከዚያው አንድ መዝሙር በቃልሽ ያዢ። እኔ 120ኛውን እመርጥልሻለሁ፤ በአንዳንዱ መጽሐፍ 121 ተብሎ ይቆጠራል። «ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ፤ ረዳቴ ከወዴት ይምጣ?» ይላል። ንጋት ላይ ታክሲ ስትጠብቂ በምሥራቅ በኩል የረር ይታይሻልና እዚያው ሰልፉ ላይ በዪው። ከንፈርሽ ቢንቀሳቀስ ማንም አይታዘብሽም። ያው መዝሙር እስራኤልን የሚጠብቅ እንደማይተኛና እንደማያንቀላፋ ይናገራል፤ አንቺ ዳዊት ላይ ብታንቀላፊ እርሱ ነቅቷል።

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ398 የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ የሆነው፣ ባለ ትዳሮችን ቤታችሁን ቤተ ክርስቲያን አድርጉ እያለ ይሰብክ ነበር። ይህ ግን ደጀ ሰላሙን ተዪ ማለት አይደለም። አራት ኪሎን እየናፈቅሽ ሰፈርሽ ያለውን ቤተ ክርስቲያን አትለፊው። ፍልሰታ ሲገባ፣ ነሐሴ 1፣ ልጆችሽን ይዘሽ ቁሚ፤ አንቺን ያቆመሽ ያ የልጅነት ቁርባን ነው፣ ለነሱም ይገባቸዋል።

ጥያቄ፦ ሰበታ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ የምሠራ አባት ነኝ። ማታ የ11 ዓመት ልጄን ሒሳብ ሳስረዳው አይገባውም፣ እጮኽበታለሁ፣ ደብተር የወረወርሁበትም ጊዜ አለ። ከዚያ ለጸሎት እንቆማለን። ልጁ ፊቱን ያዞራል፣ «አሜን» አይልም። ጸሎት እየጠላ ይሆን ብዬ ሰጋሁ። ምን ልበለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ልጅህ ጸሎትን አልጠላም። አሁን የጮኸበት ድምፅ ወዲያው «አባታችን ሆይ» ሲል ግራ ገብቶታል። ማቴዎስ 5፥23-24 መባህን መሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ሄደህ ታረቅ ይላል። በቅዳሴም ከመቁረባችን በፊት ዲያቆኑ እርስ በርሳችሁ ሰላም ተባባሉ ብሎ ያዝዘናል። የቤት ጸሎትም ያው ሥርዓት አለው። «ልጄ፣ ስለ ጮኽሁብህ ይቅር በለኝ» በለው። «ግን አንተም...» የሚል አትጨምርበት። ብዙ አባቶች ክብሬን ይቀንሳል ብለው ይፈራሉ፤ ኤፌሶን 6፥4 ልጆቻችሁን አታስቆጡ ብሎ ያዘዘው ለአባቶች መሆኑን አስብ። እንዳይታዘዝህ የሚያደርገው ጩኸቱ ነው።

ይቅርታውን ብትጠይቀውም ያን ማታ «አሜን» ላይል ይችላል፤ አታስገድደው፣ አጠገብህ ይቁም። ሒሳቡን ደግሞ ከፈረቃ የተመለስህ ዕለት አትያዘው። እናቱ ወይም አንድ የሰፈር ተማሪ ያስረዳው፤ አንተ ዕረፍትህ ቀን፣ ጠዋት፣ ሁለታችሁም ቁርስ ከበላችሁ በኋላ አብረኸው ተቀመጥ።