ብሮውዘሩን ዘግቼዋለሁ፤ ታዲያ ከጀርባ የሚሠራው ምንድን ነው? (ጥያቄና መልስ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ ኮምፒውተር ጥገና ነው። ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀኝ ነገር ቢኖር ይሄ ነው፦ ብሮውዘሩን (እንደ ክሮም ያለውን ኢንተርኔት መክፈቻ) ዘግቼው ለምን አይቆምም? ዛሬ ማታ የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ። ጠይቁ።

ጥ፦ ክሮምን ዘግቼ ታስክ ማናጀር ስከፍት አሁንም ስድስት ሰባት ቦታ ተደርድሯል። ቫይረስ ነው እንዴ?

መ፦ አይደለም ወንድሜ፣ አትደንግጥ። ታስክ ማናጀር አሁን የሚሠራውን ፕሮግራም ሁሉ የሚዘረዝር የዊንዶውስ መስኮት ነው። መጀመሪያ ብዛቱን ላስረዳህ። ክሮም እ.ኤ.አ. በ2008 ከወጣ ጀምሮ ሥራውን ከፋፍሎ ነው የሚሠራው። ታቡ ለብቻው፣ ኤክስቴንሽኑ (ብሮውዘሩ ላይ የሚጨመረው ትንሽ ፕሮግራም) ለብቻው ይሄዳል። አንዱ ቢበላሽ ሌላውን ይዞት እንዳይወድቅ ነው። ስለዚህ ብዙ መስመር ማየትህ ጤነኛ ነው።

ከተዘጋ በኋላ የሚቀረው ግን አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሰቲንግ ምክንያት ነው። ሰቲንግስ ውስጥ ሲስተም የሚለውን ክፈት። ክሮም ሲዘጋም ከጀርባ ያሉ አፖች መሥራታቸውን ይቀጥሉ የሚል ማብሪያ ማጥፊያ ታገኛለህ። አጥፋው። ማረጋገጥ ከፈለግክ፣ ከታች በቀኝ በኩል ሰዓቱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ቀስት ጫን። የክሮም ምልክት እዚያ ከተቀመጠ ገና አልወጣም ማለት ነው።

ጥ፦ እኔ ኤጅን ከፍቼውም አላውቅ። ለምን ይታየኛል?

መ፦ ኤጅ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው ብሮውዘር ነው። የሚታይህ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ስታርትአፕ ቡስት የሚባለው ነው። ስትከፍተው ቶሎ እንዲመጣልህ ኮምፒውተሩ ሲነሳ አብሮ ይነሳል። ራምህ (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ሜሞሪ) 4 ጊጋ ብቻ ከሆነ ከኤጅ ሰቲንግ ገብተህ አጥፋው፣ ይቅርብህ። ሁለተኛው ዌብቪው 2 ነው። ይሄ ሌሎች ፕሮግራሞች በውስጣቸው ድረ ገጽ የሚያሳዩበት መሣሪያ ነው፤ ለምሳሌ የማይክሮሶፍት የስብሰባ ፕሮግራም ቲምስ ይጠቀምበታል። እሱን አትንካው፤ ብትገድለው የሚበላሽብህ ሌላው ፕሮግራም ነው።

ጥ፦ ፋየርፎክስ ዘግቼ መልሼ ስከፍት "አስቀድሞ ተከፍቷል፣ ምላሽ ግን አይሰጥም" ይለኛል። አጥፍቼ እንደገና ልጫነው?

መ፦ አትጫኚው እህቴ፣ ዳታሽን አታባክኚ። የፊተኛው ሳይወጣ ቀርቶ ፕሮፋይልሽን (ሰቲንግሽና ታሪክሽ የተቀመጠበትን ፎልደር) ቆልፎ ይዞታል። ትንሽ ታገሺው። ካልተላቀቀ ከታስክ ማናጀር ፋየርፎክስን መርጠሽ ኢንድ ታስክ በዪና ክፈቺ።

ጥ፦ ማክ ኮምፒውተር ላይስ?

መ፦ ማክ ላይ ቀዩ ቁልፍ መስኮቱን ብቻ ነው የሚዘጋው። ከታች ከተደረደሩት ምልክቶች መካከል ከብሮውዘሩ ምልክት ሥር ነጥብ ካየህ ፕሮግራሙ ገና ይሠራል። ኮማንድና ኪው ተጫን።

ጥ፦ ፓኬጄን የሚጨርሰው ይሄ ይሆን?

መ፦ ከመጠርጠር ማየት ይሻላል። ዊንዶውስ ላይ ከኔትወርክ ሰቲንግ ውስጥ ዳታ ዩሴጅ የሚል አለ። የትኛው ፕሮግራም ስንት ሜጋ እንደበላ በስሙ ይነግርሃል። የብሮውዘሩ አፕዴት የሚወርደው በሌላ ፕሮግራም በኩል ስለሆነ ብሮውዘሩን ብትዘጋውም አይቆምም። እሱን ግን እባክህ አታስቁመው። የደኅንነት ቀዳዳ የሚደፈነው በዚያ ነው።

ጥ፦ ስልኬ ላይ ክሮምን ጠርጌ አውጥቼውም የአንድ ድረ ገጽ ኖቲፊኬሽን ይመጣል።

መ፦ አንድሮይድ ላይ መልእክቱን የሚቀበለው ክሮም ራሱ ሳይሆን የጉግል ፕሌይ ሰርቪስስ ነው። ሲደርሰው ክሮምን ይቀሰቅሰዋል። ስለዚህ መጥረጉ አያዋጣም። ክሮም ሰቲንግስ ውስጥ ኖቲፊኬሽንስ ግባና የዚያን ድረ ገጽ ፈቃድ ከልክል። በቃ።

ጥ፦ ክፉ ነገርስ ከጀርባ ሊሠራ አይችልም?

መ፦ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታየ አንድ ዘዴ ነበር። ሰውዬው ብሮውዘሩን ይዘጋል፤ አንዲት ጢንጥዬ መስኮት ግን ከሰዓቱ ኋላ ተደብቃ ትቀራለች። በሰውዬው ሲፒዩ (በኮምፒውተሩ ዋና አስሊ ክፍል) ለሌላ ሰው ክሪፕቶ፣ ማለትም ዲጂታል ገንዘብ ትቆፍራለች።

በቅርቡ የአክስቴ ልጅ ላፕቶፑን አመጣልኝ። ምንም አልተከፈተም፣ ፋኑ ግን እንደ ወፍጮ ይጮኻል። ሥሩ እጅ ያቃጥላል። ታስክ ማናጀር ስከፍት ብሮውዘሩ ሲፒዩውን ከ70 በመቶ በላይ ይዞታል። ብሮውዘሩን ከፍቼ ሺፍትና ኤስኬፕ ተጫንኩ፤ ክሮምና መሰሎቹ የራሳቸው ታስክ ማናጀር አላቸው። ቪዲዮ ለማውረድ ብሎ የጫነው ኤክስቴንሽን አናት ላይ ተቀምጧል። አጠፋሁት፤ ፋኑ ወዲያው ዝም አለ። የመስመሩን ብዛት ተዉትና የሲፒዩውን ቁጥር እዩ። ምንም ሳትሠሩ ከፍ ብሎ ከቆየ ያኔ ጠርጥሩ።

ጥ፦ ኢንተርኔት ቤት ተጠቅሜ ኤክሷን ተጭኜ ወጣሁ። አካውንቴ ተዘግቷል አይደል?

መ፦ አልተዘጋም እህቴ። ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ኤክሷ መስኮት ትዘጋለች እንጂ ሎግ አውት አታደርግሽም። መግቢያሽ በኩኪ (ድረ ገጹ ብሮውዘሩ ውስጥ በሚያስቀምጠው ትንሽ ፋይል) ተቀምጦ ይቆያል። ብሮውዘሩ ካቆምክበት ቀጥል ተብሎ ከተስተካከለ ደግሞ ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው ገጽሽን እንዳለ ያገኘዋል። ኢንኮግኒቶም (ታሪክ የማያስቀምጠው የግል መስኮት) ቢሆን አንድ መስኮት ዝቅ ተደርጎ ከቀረ ሁሉም እስኪዘጋ ድረስ እንደገባሽ ነሽ።

አሁን ግን ከስልክሽ ማስተካከል ትችያለሽ። ጂሜይል ከሆነ ጉግል አካውንትሽ ውስጥ ሴኩሪቲ፣ ከዚያ ዩር ዲቫይስስ ግቢና የማታውቂውን ኮምፒውተር አስወጪ። ቴሌግራም ከሆነ ሰቲንግስ፣ ዲቫይስስ፣ ከዚያ ከዚህ ስልክ በቀር ሌላውን ሁሉ ዝጋ የሚለውን ንኪ። አሁኑኑ ግቢና እዪው። እኔ እዚሁ እጠብቅሻለሁ።