መልስ፦ ግሉተን ለተከለከለ ልጅ ሐይቅ ዳር ምን ይታዘዝ?

«ባሕር ዳር ስንወጣ ለልጄ ጤፍ እንጀራና የተጠበሰ አሳ ባዝለት ይበቃል?» ላሉት፣ አይበቃም። ጤፍም አሳም ግሉተን (በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ፕሮቲን) የላቸውም፤ ግሉተን የሚነካካቸው ወጥ ቤት ውስጥ ነው።

እንጀራውን ከቤት ይያዙለት። የምግብ ቤት እንጀራ ብዙ ጊዜ ተገዝቶ ስለሚመጣ፣ አስተናጋጁ «ንጹህ ጤፍ ነው» ቢልዎትም ገብስ ወይም ስንዴ እንዳለበት ላያውቅ ይችላል። የፎገራ ሩዝ ብቻ ከተቀላቀለበት ግን አይጎዳውም።

አሳውን እንዲህ ይዘዙ፦

1. ቆሮሶው (ቲላፒያ የሚባለው አሳ) ዱቄት ሳይነካው፣ በጨውና በሎሚ ብቻ።
2. በታጠበ መጥበሻ፣ በአዲስ ዘይት። ሳምቡሳ ወይም ዱቄት የለበሰ አሳ የተጠበሰበት ዘይት የቱንም ያህል ቢግል ግሉተኑ አይጠፋም። የድንች ጥብስም ከዚያው ዘይት ስለሚወጣ ይቅርበት።
3. ለብቻው ሳህን። ዳቦ ተደርጎበት ከመጣ ዳቦውን አንስቶ መስጠት አይሆንም፣ ፍርፋሪው ራሱ ያመዋል። በሌላ ሳህን አዲስ ያሠሩለት።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ «ስንዴ አለው?» ብለው አይጠይቁ፤ እንግዳ ላለማስቀየም «የለውም» ይባላሉ። ወጥ ሠሪዋን ራሷን «ምን ምን ገባበት?» ይበሏት፣ ሽሮም ካዘዙለት በተለይ ስለ ሽሮው። እሑድ ምሳ ሰዓት ወጥ ቤቱ ስለሚጨናነቅ ማንም መጥበሻ አያጥብልዎትም፤ ከስድስት ሰዓት በፊት ይድረሱ።