በምርጫው ተከፋሁ፤ ወዴት ልሂድ?

ጥያቄ፦ የምርጫው ውጤት ሆዴን አሻክሮታል። የሂሳብ አያያዝ ዲግሪ አለኝ። ኬንያ ይሻለኛል ወይስ ካናዳ? (ከደሴ)

መልስ፦ ቅሬታ ብቻውን ጥገኝነት አያሰጥም። እ.ኤ.አ. የ1951 የስደተኞች ስምምነት የሚጠይቀው በፖለቲካ አመለካከት፣ በሃይማኖት ወይም በመሰል ምክንያት የመሳደድ በቂ ስጋት ነው።

ኬንያ ያለ ቪዛ ያስገባል፤ ግን ለጉብኝት እንጂ ለሥራ አይደለም። ብዙዎች እዚህ ላይ ይሳሳታሉ።

ለእርስዎ ካናዳ ይሻላል፣ ትዕግሥት ካለዎት። በኤክስፕረስ ኢንትሪ (ካናዳ ባለሙያ ስደተኞችን በነጥብ የምትመርጥበት የኦንላይን ሥርዓት) የፌዴራል ባለሙያ መስመር ቢያንስ 1 ዓመት ተከታታይ የሙያ ልምድ፣ የእንግሊዝኛ ወይም የፈረንሳይኛ ቋንቋ ፈተናና የዲግሪ ግምገማ (ዲግሪዎ ከካናዳው ጋር እኩል መሆኑ የሚረጋገጥበት) ያስፈልጋል። ግምገማውን ያስቀድሙ፦ እሱ 5 ዓመት ያገለግላል፣ የፈተናው ውጤት ግን 2 ዓመት ብቻ። ፈተናውን ቀድመው ወስደው ለግምገማው የሚያስፈልገውን ትራንስክሪፕት (የዩኒቨርሲቲ ውጤት ዝርዝር) ሲጠብቁ የውጤቱ ጊዜ ይበላል።

በባቲ አድርጎ ወደ ጅቡቲ ወደብ ኦቦክ አሻግራለሁ የሚልዎትን ደላላ ግን በሩቁ! የካናዳ ዜግነት ከወሰዱም የኢትዮጵያው ይቀራል፤ ሕጋችን ጥምር ዜግነት አይፈቅድም።